ቀለሙ የሚቀያየር የሹራብ ክር ስንገዛ

አንዱን ክር ሳይቆርጡ፣ ሌላውን ሳይቀጥሉ ባለብዙ ቀለም ሹራብ መሥራት የሚቻለው ቀለሙ በራሱ በሚቀያየር ክር ነው። ቀዩ ወደ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማው ወደ ቢጫ እያለ ይሄዳል። ብዙ ሰው ግን በልቃቂቱ መልክ ተማርኮ ይገዛና ሲሠራው ሌላ ነገር ይሆንበታል። እኔ ከዋጋው በፊት የማየው አንዱ ቀለም ሳይቀየር ስንት ሜትር እንደሚሄድ ነው።

በተራው አሠራር አንድ ረድፍ የሥራውን ስፋት 3 እጥፍ ከትንሽ በላይ ክር ይፈጃል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአንገት ልብስ በየረድፉ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። አንዱ ቀለም 6 ሜትር ተኩል ቢሄድ 10 ረድፍ ይሸፍናል፤ ደህና መስመር ይወጣዋል። ያንኑ ክር 1 ሜትር ስፋት ላለው የሕፃን ብርድ ልብስ ብናውለው ግን 2 ረድፍ እንደሠራ ያልቃል። በየጣት ስፋቱ የሚቀያየር ከሆነማ መስመርም አይኖረው፤ ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። በኪሮሽ የሚሠሩ ደግሞ ከዚህም በላይ እንደሚፈጅባቸው አስቀድመው ያስሉ። ርዝመቱን ለማወቅ ልቃቂቱን መተርተር አያስፈልግም፤ እንደ ኬክ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለውን ከላይ ሲያዩት ቀለማቱ በየቀለበቱ ተደርድረዋል። ቀለበቱ ወፈር ካለ ቀለሙ ረጅም ነው።

ዋጋውን በልቃቂት ማወዳደር ያሳስታል። የቱርኩ አሊዜ አንጎራ ጎልድ ባቲክ በ100 ግራም 550 ሜትር ያህል ክር አለው፤ ካሮን ኬክስ የተባለው ደግሞ በ200 ግራም 350 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛው ወፍራም በመሆኑ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ክሩም እንዲሁ። ስለዚህ ውፍረታቸው የተቀራረበውን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ዋጋውን ለሜትሩ ያካፍሉ።

በዚህ ዓይነት ክር ስሙ የገነነው የጃፓኑ ኖሮ ነው፤ ታዋቂው ክሩ ንጹሕ ሱፍ ነውና ይወደዳል። ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ ወይም በአክሪሊክ የበዛ ቅይጥ ነው። ወረቀት የሌለው ክር «ሱፍ ነው» ከተባሉ ትንሽ ቁራጭ ከሚነድ ነገር አርቀው ይለኩሱ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። አክሪሊክ ግን ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል። አክሪሊክ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለሚታጠብ የልጅ ልብስ ይመቻል። የጋለ ካውያ ብቻ አያስነኩት።

የሚያናድደው ቋጠሮው ነው። አንድ ጊዜ የአንገት ልብስ ስሠራ ከሰማያዊው ቀጥሎ አረንጓዴው ሲጠበቅ ከቋጠሮው ወዲያ ቀይ መጣ፤ ያየሁት ብዙ ረድፍ ከሄድኩ በኋላ ነበርና ሁሉንም ፈታሁት። ቋጠሮ ሲያጋጥም መቁረጥ፣ ተከታዩ ቀለም እስኪመጣ ክሩን መተርተር፣ ከዚያ መቀጠል ነው መፍትሔው።

በጣም ርካሹን መንገድ ግን ሱቅ አይሸጠውም። ከቤት የተረፉ ሁለት ቀጫጭን ክሮችን አንድ ላይ ይያዙ፦ ነጭ ከነጭ፣ ቀጥሎ ነጭ ከውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሁለቱም ውሃ ሰማያዊ፣ ከዚያ ውሃ ሰማያዊ ከጥቁር ሰማያዊ። አንዱን ብቻ እየቀየሩ ሲሄዱ ቀለሙ ቀስ እያለ ይጠቁራል፤ የት ላይ እንደሚቀየር የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት።