«ቀጭን ሰው ስኳር አይዘውም»፦ እውነት ወይስ ተረት?

በደቡብ ወሎ፣ ኩታበር ላይ ከዓረብ አገር ወይም ከአዲስ አበባ የተመለሰች ልጅ «ማሻ አላህ፣ ወፍረሻል!» ስትባል ሙገሳ ነው፤ ደልቷታል ማለት ነው። ከስቶ የመጣ ግን «ምነው፣ ምን ነካህ?» እየተባለ ይታዘንለታል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ባየ አገር ሥጋ መልበስ የጤና ምስክር ሆኖ ቢቆጠር አይፈረድም። ችግሩ፣ ከዚሁ እምነት ሰው የሚጎዱ ተረቶች መወለዳቸው ነው።

ተረት፦ «ውፍረት በዘር ነው፤ የደጋ ሰው አይወፍርም።»

ደገኛው የማይወፍረው ዘሩ ስለከለከለው አይደለም። ሲያርስ፣ ሲያጭድ፣ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ሲመዝን፣ ከልክ በላይ ክብደት ያላቸው ከተሜዎች 21 በመቶ፣ የገጠሮቹ 4 በመቶ ሆኑ። የኩታበር ልጅ ደሴ ገብታ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ስትውል ደሟ አልተለወጠም፤ ውሎዋና ገበታዋ እንጂ።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ ያሳየው የጋናውያን ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ጋናውያንን በገጠር፣ በከተማና በአውሮፓ ለኳቸው። ገጠር ካሉት ሴቶች እጅግ የወፈሩት ከመቶ 8 ገደማ ሲሆኑ ለንደን ካሉት ግን ከግማሽ በላይ ነበሩ። ወንዶቹ ደግሞ ከመቶ 1 ገደማ ተነሥተው ለንደን ላይ 21 ገደማ ደረሱ። ሕዝቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው አገሩ ነው።

ተረት፦ «ሴት የምትወፍረው ስለምትሰንፍ ነው።»

ይህን አባባል ስሰማ ያንገበግበኛል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አዝላ የምትውል ሴት ሰነፍ አትባልም። የሴት ገላ ለእርግዝናና ለማጥባት ሲል ከወንድ ይበልጥ ስብ ያስቀምጣል፤ የሚያስቀምጠውም ባብዛኛው ዳሌና ጭን ላይ ነው። የወንዱ ስብ ወደ ሆድ ይሄዳል፤ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ደግሞ የባሰ ጎጂ ነው። ስለዚህ ወንዱ ከሴቷ ባነሰ ክብደት በስኳር በሽታ ይያዛል። የሰውየው ቦርጭ ግን እንደ ክብር ይታያል።

ተረት፦ «ጤነኛ ክብደት ለሁሉም ሕዝብ አንድ ነው።»

እዚህ ላይ የዘር ሐረግ በመጠኑም ቢሆን ያገባዋል። በእንግሊዝ ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ነጮች በቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን የሚገኝ ልክ) 30 ላይ የሚደርስባቸውን የስኳር በሽታ ሥጋት ጥቁሮች 28.1፣ ደቡብ እስያውያን ደግሞ 23.9 ላይ ይደርሱበታል ብሏል። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለእኛ ያስቀመጠው የወገብ ልክ፣ ለወንድ 94 ለሴት 80 ሴንቲሜትር፣ ከአውሮፓውያን የተወሰደ ነው።

ተረት፦ «ቀጭን ሰው ስኳር አይዘውም።»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፤ ሰው ይገድላልና። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደርና በጅማ ያሉ የስኳር ሕሙማንን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ባብዛኛው ወንዶች፣ ድሆችና ከሲታ ገበሬዎች መሆናቸውን አሳየ። ጥያቄያቸውም ግልጽ ነበር፦ ከምግብ እጥረት የሚመጣ ስኳር በሽታ አለን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ዓይነት በዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 ሰርዞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ግን የስኳር በሽታ ፌዴሬሽኑ «ዓይነት 5» ብሎ መልሶ ዕውቅና ሰጠው።

ረሃብ አልፎም አይለቅም። በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ የ1977ቱን ዘመን ሰዎች የመረመሩ ጥናቶች፣ በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ረሃቡ የደረሰባቸው ሰዎች ጎልማሳ ሲሆኑ የደም ግፊት፣ የደም ስኳርና የወገብ ስብ ተደራርቦ እንደሚያጠቃቸው አመልክተዋል። ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያንም ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በዛባቸው፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ ወፍራሞች አልነበሩም።

እንግዲህ የኩታበር ገበሬ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ከተነሣ፣ ውኃ ጥሙ አልቆርጥ ካለውና እየበላ ከከሳ፣ ቅጥነቱ ማንንም አያዘናጋ። «ምነው፣ ምን ነካህ?» ያለው ጎረቤት ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል። ቀጥሎ ሰውየውን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድና ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም ያስመርምርለት፤ ዛሬውኑ።