በስልካችን ውስጥ ያለው አርም ከየት መጣ?

ፒያሳ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች የተበላሸ ቴክኖ ሲከፍቱ ባትሪውን ይነቅላሉ፤ ቦርዱ ላይ የተለጠፈውን ስስ የብረት ክዳን በሙቅ አየር ያነሳሉ። ከሥሩ ጥቁር፣ ትንሽ ካሬ አለ። ሲፒዩ ይሉታል። ይህ ካሬ የሚሠራበት ሥርዓት አርም ይባላል፤ የአይፎኑም የሳምሰንጉም እዚሁ አገራችን የሚገጣጠመው የቴክኖም ያው ነው። ሲፈጠር ግን ስልክ አልታሰበም። አንድ የቤት ኮምፒውተር አምራች ለወደፊት ማሽኖቹ ፕሮሰሰር ሲያማርጥ የተገኘ ነው።

አምራቹ የእንግሊዙ አኮርን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቢቢሲ ማይክሮ በአገሩ ትምህርት ቤቶች በሰፊው ተሠራበት። ፕሮሰሰሩ ባለ 8 ቢቱ 6502 ነው፤ ርካሽ፣ ቀላልና ሲጠራ ወዲያው አቤት የሚል። ተተኪ ሲፈለግ ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የሞቶሮላውን 68000፣ የናሽናል ሴሚኮንዳክተሩን 32016 እና ሌሎችንም ፈተሹ። አንዱም አላረካቸውም።

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ፕሮሰሰር ትእዛዙንም ዳታውንም የሚያገኘው ከሚሞሪ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚወስነው በሴኮንድ ከሚሞሪ ስንት መሳብ መቻሉ ነው። በገበያው የነበሩት ፕሮሰሰሮች ሚሞሪው ሊሰጥ የሚችለውን ያህል አይወስዱም ነበር። በዚያ ላይ እንደ ማካፈል ያለ ከባድ ትእዛዝ ከጀመሩ እስኪጨርሱ ድረስ ዲስኩ ቢጠራቸውም አይሰሙም።

በ1983 ሁለቱ መሐንዲሶች የ6502ን ተተኪ የሚነድፈውን ድርጅት ለማየት አሪዞና ሄዱ። ትልቅ ተቋም ጠብቀው ያገኙት በተራ መኖሪያ ቤት የሚሠሩ ጥቂት ሰዎችን ነው። እነዚህ ከቻሉ እኛስ ምን ያግደናል ብለው ተመለሱ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጠናውን ሪስክ የተባለውን መንገድም ያውቁ ነበር፦ ትእዛዞቹ ጥቂትና ቀላል ይሁኑ፣ ፕሮሰሰሩም በፍጥነት ያሳልፋቸው። አርም ባሉት በራሳቸው ንድፍ እያንዳንዱ ትእዛዝ 32 ቢት ሆነ።

ዊልሰን ትእዛዞቹን፣ ፈርበር የቺፑን አደረጃጀት ነደፉ። ኤፕሪል 26 ቀን 1985 የመጀመሪያው ቺፕ ደረሰና ሠራ። ትራንዚስተሮቹ 25,000 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የኢንቴል 386 ግን 275,000 ነበረው። ፈርበር ቺፑ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ሲለካ መለኪያው ዜሮ አሳየ። ለካ የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም ኖሯል፤ ቺፑ የሚሠራው በምልክት መስመሮቹ ሾልኮ በሚገባ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነበር! አኮርን ኃይል መቆጠብ የፈለገው ቺፑን በርካሽ የፕላስቲክ ማሸጊያ ለማሸግ ነው። በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ግን ከዚህ የሚሻል አልነበረም።

አርኪሜደስ የተባለው ኮምፒውተር በ1987 በአርም ተሠርቶ ወጣ። በ1990 አኮርን ከአፕልና ከቺፕ አምራቹ ቪኤልኤስአይ ጋር ሆኖ አርምን ራሱን የቻለ ኩባንያ አደረገው፤ ኩባንያው ንድፉን በፈቃድ እየሸጠ ኖኪያ 6110ን በመሳሰሉ ስልኮች ውስጥ አስገባው። በ2020 ደግሞ አፕል የማክ ኮምፒውተሮቹን ወደ አርም ማዞር ጀመረ።

አኮርን ዛሬ የለም። የራስን ፕሮሰሰር የመንደፍ ዕድል ግን ለእኛም አልተዘጋም። በበርክሌይ በ2010 በተጀመረው፣ ሪስክ ፋይቭ በተባለው የትእዛዞች ሥርዓት ማንም ሰው የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅ ፕሮሰሰር ሊነድፍበት ይችላል። የአምስት ኪሎ የምሕንድስና ተማሪዎች፣ ትእዛዞቹ ጥቂት ስለሆኑ አንብባችሁ ትጨርሷቸዋላችሁ። አንድ ኤፍፒጂኤ ቦርድ (የውስጥ ዑደቱን ራሳችሁ የምታዋቅሩት ቺፕ ያለበት) ፈልጉና የራሳችሁን ፕሮሰሰር ሞክሩበት።