የሬኒየር ተራራ፦ ከእሳቱ ይልቅ ጭቃው

እሳተ ገሞራ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ቀልቶ የሚፈስ ቅልጥ ዐለት ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው፣ 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬኒየር ተራራ ግን ዋነኛ ሥጋቱ እሳት ሳይሆን ጭቃ ነው። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሰማዩ በጠራ ቁጥር የሚያዩት ተራራ በመሆኑ፣ ጠባዩን መረዳት ለእኛም ባዕድ ጉዳይ አይደለም።

በዚያ አካባቢ ሁዋን ደ ፉካ የተባለው የውቅያኖስ ወለል ሰሌዳ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር እየተጓዘ ከሰሜን አሜሪካ ሰሌዳ ሥር ይሰምጣል። ወደ ጥልቁ ሲወርድ በማዕድናቱ ውስጥ የታሰረው ውኃ ይለቀቃል፤ ይህም ውኃ ከበላዩ ያለውን ትኩስ ዐለት የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። በመሆኑም ዐለቱ ተጨማሪ ሙቀት ሳያሻው ይቀልጣል። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ቅርፊቱ ሲለጠጥና ሲሳሳ፣ ከሥር የሚወጣው ትኩስ ዐለት በዋነኛነት ግፊት ስለሚቀንስለት ይቀልጣል።

የዛሬው የሬኒየር አካል ላለፉት 500,000 ዓመታት ገደማ የላቫ፣ የአመድና የስብርባሪ ዐለት ንብርብር እየተደራረበበት የተገነባ ነው። ይሁን እንጂ ከውስጡ የሚወጣው አሲዳማ ጋዝና ሙቅ ውኃ የዐለቱን ከፊል ወደ ሸክላ አፈር ለውጦታል። በላዩ ደግሞ ከፍተኛ መጠን ያለው የበረዶ ግግር ተሸክሟል። የላላ ዐለት፣ ውኃና ቁልቁለት በአንድ ላይ ሲገናኙ ላሀር የሚባለው የጭቃ ጎርፍ ይፈጠራል። ጥግግቱ ከውኃ በእጅጉ ስለሚበልጥ ግዙፍ ቋጥኞችን አንሥቶ ይወስዳል።

ከ5,600 ዓመታት ገደማ በፊት፣ በፍንዳታ ወቅት የተራራው ጫፍና ሰሜን ምሥራቃዊ ጎኑ ተንዶ ኦሲዮላ የተባለውን ላሀር አስከተለ። መጠኑ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ኩብ የሚጠጋው ይህ ጭቃ እስከ ፑጀት ሳውንድ የባሕር ወሽመጥ ደርሷል። ከ500 ዓመታት ገደማ በፊት የወረደው የኤሌክትሮን ላሀር ግን ይበልጥ ያሳስባል። ከማናቸውም የታወቀ ፍንዳታ ጋር አልተያያዘምና። ምዕራባዊው ጎን በራሱ ድካም የተናደ ይመስላል። ዛሬ የኦርቲንግ ከተማ የቆመችው በዚያ ጭቃ ላይ ነው፤ በሥሩም የተቀበሩ ጥንታዊ ዛፎች ተገኝተዋል።

እሳተ ገሞራ ከመፈንዳቱ በፊት በመሬት ንዝረትና በጋዝ መጠን ለውጥ ምልክት መስጠቱ የተለመደ ነው። የላላ ጎን ሲናድ ግን እንዲህ ያለ ቅድመ ምልክት ላይኖር ይችላል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 ላሀሩ ሲወርድ የሚፈጥረውን ንዝረት የሚለዩ መሣሪያዎች በሸለቆዎቹ ተተከሉ። ጭቃው ኦርቲንግ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ እንደሚሆን ይገመታል። ስለዚህም ተማሪዎች በእግራቸው ወደ ከፍተኛ ቦታ መውጣትን ይለማመዳሉ። መሣሪያው ንዝረቱን ሊለይ ይችላል፤ ሕይወትን የሚያተርፈው ግን መንገዱን አስቀድሞ ያወቀ እግር ነው።