ከመፋቅ በፊት ማንበብ

ጥንታዊ ክፍት መኪና ማደስ ለሚፈልግ ጀማሪ

መተማ ዮሐንስም ይሁን ገንዳ ውኃ፣ አሮጌ ጂፕ ወይም ላንድሮቨር በግቢው ያቆመ ሰው ላሳድሳት ብሎ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው የቀለሙን ዋጋ ነው። ባትላሜው ላሜራውን ያቀናል፣ ስቱኮ ይለጥፋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ ቀለም ቀቢው ይከተላል። መኪናዋ አምራ ትወጣለች። ነገር ግን የት እንደተሠራች፣ ከፋብሪካ በምን ቀለም እንደወጣች፣ በኋላም ምን እንደተቀየረባት የሚናገረው ምልክት ከዝገቱ ጋር ተፍቆ ሄዷል። ያ ምልክት አንዴ ከጠፋ በገንዘብ አይመለስም።

ስለዚህ ጥንታዊ መኪና ማደስ የሚጀምረው በማንበብ ነው። ንባቡም ወደ አንድ ውሳኔ ያደርሳል፦ "ኦሪጅናል" የምንላት መኪና በየትኛው ጊዜ የነበረችው ናት? ይህን ሳይመልስ መፍቻ ያነሣ ሰው ወዴት እንደሚመልሳት ሳያውቅ ጉዞ ጀምሯል። ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ንጉሠ ነገሥታችን ከቆሙባት አንዲት አሜሪካዊት መኪና የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የመኪና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የ1961ዷ ሊንከን

መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ሲደርሱ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ከባለቤታቸው ጋር ተቀበሏቸው። ከዚያም ሁለቱ መሪዎች ጣሪያዋ በተነሣ ሊንከን ኮንቲኔንታል ላይ ጎን ለጎን ቆመው ለሕዝቡ ሰላምታ እየሰጡ በከተማዋ ጎዳና አለፉ። ከ52 ቀን በኋላ፣ ኅዳር 12፣ ኬኔዲ በዚያችው መኪና ላይ ሳሉ ዳላስ ውስጥ ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ለቀብሩ ወደ ዋሽንግተን ተመልሰው ሄዱ።

መኪናዋ በ1961 ዊክሰም፣ ሚሺጋን ባለው የሊንከን ፋብሪካ ተገጣጠመች። መነሻዋ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊገዛት የሚችል ባለ አራት በር ኮንቨርቲብል ነበረች፤ የኋላ በሮቿ ማጠፊያቸው ከኋላ በኩል ስለሆነ ከፊተኞቹ በተቃራኒ ይከፈታሉ። ከዚያ የሲንሲናቲው ሄስ ኤንድ አይዘንሃርት ለሁለት ቆርጦ አስረዘማት፤ በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት ከ123 ኢንች ወደ 156 ኢንች አደገ። የኋላ ወንበሯ ከፍና ዝቅ እንዲል ተደረገ። እየተነቀለ በሻንጣ ማስቀመጫዋ የሚገባ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጣሪያም ተሠራላት፤ ጣሪያው ጥይት አይከላከልም ነበር። ሞዴሏ የ1961 ሆኖ ሳለ የፊት ፍርግርጓ በ1962ቱ ተለውጧል።

ከግድያው በኋላ አልተጣለችም። የማይነሣ ጣሪያ፣ ጥይት የማይበሳው መስታወትና ጋሻ ተገጥሞላት ወደ ሥራ ተመለሰች። ጥቁር ሰማያዊ የነበረው ቀለሟ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን ወደ ጥቁር ተቀየረ። እስከ 1977 ካገለገለች በኋላ ዲርቦርን፣ ሚሺጋን ወደሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ገባች።

እንግዲህ ይህችን መኪና ወደ ኦሪጅናሏ እንመልሳት ቢባል ወዴት ትመለሳለች? ከዊክሰም ወደወጣችበት ቀን ቢሉ አስረዝመው የሠሯትን ሰዎች ሥራ መቁረጥ ይመጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደቆሙባት ቀን ቢሉ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ፕሬዚዳንቶች የተጓዙባት ዘመን ይሰረዛል። ሙዚየሙ ሥራ ባቆመችበት ይዞታ አቆያት። በዳላስ የነበረው የፊት መስታወቷም አልተጣለም፤ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። የግቢያችሁ መኪና ፕሬዚዳንት አልተሳፈረባትም ይሆናል፤ ነገር ግን አያት ለሠርግ ያቆሟት፣ አባት ሰሊጥ የጫኑባት፣ በየዘመኑ እጅ የነካት ናት። ወደ ፋብሪካ ይዞታዋ ትመለስ ወይስ ቤተሰቡ በሚያውቃት መልክ ትቆይ? ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ሊሆኑ ይችላሉ። ውሳኔው ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ለባትላሜውም፣ ለመካኒኩም፣ ለቀለም ቀቢውም በቅድሚያ ይነገራቸው።

ቁጥሩ ምን ይላል

ንባቡን በሻንሲ ቁጥር ጀምሩ። በሊብሬው ላይ የተጻፈውንና በብረቱ ላይ የተመታውን ጎን ለጎን አስተያዩ፤ ካልተስማሙ ሥራው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ምክንያቱ ይታወቅ።

በ1961 የሊንከን ኮንቨርቲብል ላይ ቁጥሩ የሚነሣው በ"1 ዋይ 86 ኤች" ነው። 1 ሞዴሉ የ1961 መሆኑን፣ ዋይ የዊክሰም ፋብሪካን፣ 86 ባለ አራት በር ኮንቨርቲብልን፣ ኤች ደግሞ 7 ሊትር ገደማ የሚይዘውን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ያመለክታል። ከዚያ የሚከተለው ተራ ቁጥር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ኮንቨርቲብል ናት" ብሎ ቢሸጥላችሁና በ86 ፋንታ 82 ብታገኙ፣ ያቺ መኪና ባለ ጣሪያ ሆና ተወልዳ በኋላ የተቆረጠች ናት።

የሊንከን ባለቤት የሆነው ፎርድ በየዕቃውም ላይ ምልክት ያሳርፍ ነበር። ዕቃው ላይ የተቀረጸው ኮድ በ"ሲ1ቪ" ከጀመረ ሲ 1960ዎቹን፣ 1 ዓመቱን፣ ቪ ሊንከንን ይነግራል። ተመሳሳዩ ዕቃ በ"ሲ4ቪ" ከጀመረ ንድፉ የ1964 ነው፤ በ1961 መኪና ላይ ከተገኘ በኋላ የገባ ነው ማለት ነው። የገባ ዕቃ ሁሉ ይውጣ ማለት አይደለም። መቼ እንደገባ ማወቅ ግን ከወሰናችሁት ዘመን ጋር ይስማማ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል።

መተማ ላይ የሚነገር ታሪክና ዓመቱ

በእኛ አገር ብዙ ሰው በእጁ ሊነካት የሚችላት አሜሪካዊት ክፍት መኪና ጂፕ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዊሊስና ፎርድ በአንድ ንድፍ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠርተዋል። ሁለቱን ለመለየት ከፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል፤ ከፍርግርጉ ሥር ሁለቱን የሻንሲ ጎኖች የሚያገናኘው ብረት በዊሊስ ክብ ቱቦ፣ በፎርድ ደግሞ የተደፋ ቦይ የመሰለ ነው። ፎርድ በተጨማሪ ኤፍ የምትለዋን የላቲን ፊደል በብዙ ዕቃዎቹ፣ በብሎን ራስ ላይ ሳይቀር አትሟታል። አንድን ብሎን በጨርቅ ጠርጎ ያቺን ፊደል ማግኘት የሚሰጠው ደስታ የዚህን ሥራ ፍቅር የሚያስጀምር ነው። ያንን ብሎን አዲስ በሆነ የገበያ ብሎን የሚቀይር ሰው ፊርማ መጣሉን ይወቅ።

የወታደሩን ጂፕ ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል ከተሠራው መለየትም ቀላል ነው። የወታደሩ ፍርግርግ 9 ክፍተት አለው፤ ተለዋጭ ጎማው ከኋላ ይሰቀላል፤ ከኋላ የሚከፈት መዝጊያ የለውም። በ1945 የወጣው ሲቪል ጂፕ ግን 7 ክፍተት፣ ተለቅ ያለ የፊት መብራትና ከኋላ የሚከፈት መዝጊያ አለው፤ ተለዋጭ ጎማውም ወደ ጎን ዞሯል።

አሁን ታሪክን በዓመት መፈተን እንዴት እንደሚጠቅም እንይ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የመሩት የእንግሊዝ ጦር 10ኛ የሕንድ ብርጌድ ጣሊያኖች በያዟት፣ ከመተማ ማዶ ባለችው ጋላባት ላይ ጥቃት ከፈተ፤ ብዙዎቹ ታንኮቹ በድንጋይና በፈንጂ ሰንሰለታቸው ተጎድቶ ቆሙ። በጥር መጨረሻ ጣሊያኖች መተማን ለቀው ወደ ጎንደር ሲያፈገፍጉ ሕንዳዊው ምክትል መቶ አለቃ ፕሬሚንድራ ሲንግ ብሃጋት ከሠራዊቱ ፊት እየሄደ መንገዱን ከፈንጂ አጸዳ። በ96 ሰዓት 15 የፈንጂ መስኮችን፣ 88 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጠርጓል፤ የተሳፈረበት ብሬን ካሪየር የተባለ ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ በፈንጂ ተመትቷል። ለዚህም የብሪታንያን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን፣ የቪክቶሪያ ክሮስን አገኘ።

አንድ ሰው "ይህች ጂፕ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በዚያ ውጊያ መተማ የገባች ናት" ቢላችሁ በአክብሮት ስሙት፣ ከዚያ ዓመቱን ቁጠሩ። ውጊያው የተደረገው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 መጨረሻና በ1941 መጀመሪያ ነው። ዊሊስ ጂፑን በብዛት ማምረት የጀመረው በ1941 መገባደጃ ነው። ስለዚህ ያች ጂፕ በዚያ ውጊያ ልትኖር አትችልም። የሰውየው ታሪክ ግን ፈጽሞ ዋጋ ቢስ አይሆንም፤ መኪናዋ ከየት፣ በማን እጅ እንደመጣች የሚያመለክት ቁም ነገር በውስጡ ሊኖር ይችላል። ብረቱና ቃሉ ሲስማሙ ታሪኩ ይጸናል።

ቆላው የሚያደርገው

የምዕራብ ጎንደር ቆላ መኪናን የሚጎዳበት የራሱ መንገድ አለው። በበጋ ፀሐይዋ የበር ጎማ ታደርቃለች፣ የሸራ ጣሪያ ክር ታበጥሳለች፣ የወንበር ቆዳ ትሰነጥቃለች። ክረምት ሲገባ ዋልካ ጭቃ በሻንሲው ክፍተትና በፓራፋንጎው ውስጠኛ ከንፈር ይጠቀጠቃል፤ ላዩ ደርቆ እያለ ውስጡ እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላል። እንጨት ያለበት አካል፣ በተለይ የጭነት መኪና መጫኛ፣ ለምስጥ የተጋለጠ ነው። ላንድሮቨር ያለው ሰው ሌላም ነገር ይመልከት፤ የአካሏ ላሜራ አሉሚኒየም፣ ሻንሲዋ ብረት ስለሆነ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይረግፋል። ነጩን ዱቄት ያየ ሰው በላዩ ስቱኮ አይለጥፍ።

ይኸው ቆላ የሚደብቀውም አለ። የውጭው ቀለም በፀሐይ ቢነጣም ፀሐይ ያልደረሰበት ቦታ የቀድሞውን ይዞ ይቆያል። ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከመብራቱ ማቀፊያ ኋላ፣ ሰሌዳ ከተለጠፈበት ጀርባ፣ ከወንበር እግር በታች ተመልከቱ። ከዚያ በማይታይ ጥግ፣ የሳንቲም ያህል ስፋት ባለው ቦታ፣ ቀለሙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና በውኃ በቀስታ አሹ። ከመሐል ወደ ዳር እየሰፋ ሲሄድ ቀለሞቹ በየተራ ክብ ክብ እየሠሩ ይወጣሉ፦ የመጨረሻው ቅብ በዳር፣ የፋብሪካው በመሐል፣ ከሥሩም የፀረ ዝገቱ ቅብ። ይህን በፎቶ አንሡ። የፎቶ ቀለም ስለሚያታልል ናሙናውን በቀን ብርሃን ከቀለም ካርድ ጋር አስተያዩ።

የሥራው ቅደም ተከተል

ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊቫ፣ የቱሪን ቻርተር በሚባለው ሰነዱ ጥበቃን፣ ጥገናንና እድሳትን ለያይቶ ያስቀምጣል። የሐሳቡ ፍሬ ለማንኛውም ጋራዥ ይሠራል፦ መጀመሪያ ያለውን አቆይ፤ ካልሆነ ጠግን፤ መቀየር የመጨረሻው ይሁን።

በተግባር እንዲህ ይሆናል። አንድ ብሎን ሳይፈታ መኪናዋን በሁሉም ጎን፣ ከሥርም ጭምር ፎቶ አንሡ። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ውኃ ብቻ እጠቡ፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውኃ በጥቁር ቀለም የተጻፈ የፋብሪካ ምልክትን አጥቦ ይወስዳል። የተፈታውን ሁሉ በየከረጢቱ አድርጋችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። ወንበር ስታስፈቱ የድሮውን ልብስ አትጣሉ፤ የስፌቱ ቀዳዳና ከእጥፉ ሥር የተረፈው ጨርቅ አዲሱን ለሚሰፋው ሰው ልክና ቀለም ይሰጠዋል።

ክፍት መኪና አንድ ልዩ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ባለ ጣሪያ መኪና አካሏን የሚደግፈው ጣሪያዋ ጭምር ነው፤ ጣሪያ የሌላት ግን ጥንካሬዋ በወለሏና በበሩ ሥር በሚሄደው ብረት ላይ ነው። የዛገ ወለል ከመቁረጣችሁ በፊት በየበሩ ክፍተት ድጋፍ ብረት ይበየድ፤ በሮቹ በትክክል መግጠማቸውም ይለካ። ይህ ካልተደረገ አካሏ ከመሐል ይጎብጣል፣ በሮቿም ከዚያ በኋላ አይገጥሙም።

በመጨረሻም የተነቀለው አሮጌ ዕቃ ከመኪናዋ ጋር ይቆይ። አዲስ በገባው ዕቃ ጀርባ፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ፣ የገባበት ዓመተ ምሕረት ይመታበት። ይህን ማድረግ ለሚመጣው ባለቤት እውነቱን ማስረከብ ነው።

አዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የዐፄ ኃይለ ሥላሴን መኪኖች ማየት ይችላል። ከሚያብረቀርቀው ገላቸው በፊት የበር ክፍተታቸውን፣ የብሎናቸውን ራስ፣ የመስታወታቸውን ምልክት ይመልከት። ዓይን የሚሠለጥነው እንዲህ ነው። ወደ ቆላው ሲመለስም መጀመሪያ ቀለም ቀቢ አይጥራ፤ ደብተር፣ የእጅ ባትሪና ጨርቅ ይዞ ከመኪናዋ ሥር ይግባና ቁጥሮቿን ይገልብጥ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ወጪ ሁሉ የሚሄድበትን ያውቃል።