ፀሐይ የሚመጥጥ መድኃኒት

ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ከፋርማሲ ሲወጣ «ፀሐይ ላይ ብዙ እንዳትቆም» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ቆዳ ጋ ሲደርስ ከፀሐይ የሚመጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይመጥጣል። የመጠጠውን ጉልበት ደግሞ ይዞ አይቀመጥም፤ አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያቀብላል። ጉልበት የተሞላው ኦክስጅን የቆዳውን ሴሎች ይጎዳል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል።

ታዲያ አዲስ መድኃኒት እንዲህ ያለ ጠባይ እንዳለው እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ የሚደረገው ሰውም እንስሳም አይነካም። ብርሃን ይመጥጥ እንደሆነ ይለካል፣ በቃ። ብርሃን የማይመጥጥ ነገር በብርሃን ሰበብ በቀጥታ ሊጎዳ አይችልም።

መሣሪያው ስፔክትሮፎቶሜትር ይባላል። የሚመረመረው ቁስ በሜታኖል ይሟሟና በትንሽ የኳርትዝ ዕቃ ይቀመጣል። ኳርትዝ የተመረጠው ተራ ብርጭቆ አጭሩን አልትራቫዮሌት ራሱ ስለሚያስቀር ነው። አስቀድሞ ሜታኖሉ ብቻውን ይለካል፤ የእሱ ድርሻ ከመድኃኒቱ እንዳይቀላቀል። ከዚያ ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ እየተለየ ይላካል፣ በወዲያኛው በኩል ምን ያህሉ እንዳለፈ ይቆጠራል።

ጠጅ የተሞላ ብርሌ ወደ መስኮት አንሥታችሁ እዩ። ያው ጠጅ በአንገቱ ፈዛዛ፣ በሆዱ ግን ጠቆር ያለ ነው፤ ብርሃኑ በሆዱ በኩል ረጅም መንገድ ስለሚያቋርጥ። የኳርትዙ ዕቃ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ለዚህ ነው። የመምጠጥ ልኬቱ 1 ከሆነ ያለፈው ብርሃን አንድ አሥረኛው ነው፤ 2 ከሆነ አንድ መቶኛው። ይህ ቁጥር ለተሟሟው ቁስ መጠን ሲካፈል የቁሱ መለያ ይገኛል።

አይሲኤች የተባለው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት መስፈርት አውጪ በ2013 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው መመሪያ መሠረት የሚመረመረው ከ290 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ብርሃን ነው። ከ290 በታች ያለውን የኦዞን ሽፋን ስለሚያስቀረው መሬት አይደርስም። በዚህ ክልል ውስጥ መለያ ቁጥሩ ከ1,000 ካላለፈ ምርመራው እዚያው ያበቃል። ካለፈ ግን ቁሱ ብዙ ጊዜ በላቦራቶሪ ባደጉ የአይጥ ሴሎች ላይ ይፈተሻል፤ ግማሾቹ በጨለማ፣ ግማሾቹ በብርሃን። ዶክሲሳይክሊን 1,000ን እጅግ ይበልጣል።

ለእኛ ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። በአቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ላይ፣ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተለየ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ቃሊቲ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በቆላማና ፀሐይ በደከመችበት አገር የተጻፈ ማስጠንቀቂያ እዚህ ጠንከር ተብሎ ሊነገር ይገባል ባይ ነኝ። ነገሩ የፋብሪካ መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የጤና አዳም ጭማቂም ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ብርሃን መጣጮች ስላሉበት፣ ቆዳ ላይ ሳይታጠብ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ያቋጥራል።

ዶክሲሳይክሊን የሚወስድ ሰው ቃሊቲ መናኸሪያ ሰልፍ ሲይዝ ጥላ ይፈልግ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ ይልበስ። አውቶቡስ ውስጥ ከገባም በኋላ ፀሐይ በማይመታው በኩል ይቀመጥ፤ መድኃኒቱ የሚመጥጠው ረዘም ያለው አልትራቫዮሌት በመስኮት መስታወት ያልፋልና።