የላፕቶፕና የስልክ ስክሪን ቀለም መለያየት፦ መንስኤው፣ መለያ መንገዱና የሸማቹ መብት

በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ የሞዴል ስም የተገዙ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነጭ ገጽ ቢከፈትባቸው፣ የአንዱ ነጭ ወደ ቢጫ፣ የሌላው ደግሞ ወደ ሰማያዊ አዘንብሎ ሊታይ ይችላል። በላፕቶፕም የስክሪኑ አንድ ጥግ ከቀሪው ክፍል ደመቅ ወይም ጠቆር ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ገዢው የተሸጠለት ዕቃ ተመሳስሎ የተሠራ እንዳይሆን ይሠጋል፤ መመለስ ይችል እንደሆነም ይጠይቃል። መልሱ የሚወሰነው ልዩነቱ በመጣበት ምክንያት ነው። ምክንያቱ በመሣሪያው ላይ የተመረጠ ማስተካከያ፣ በፋብሪካ ምርት ላይ የሚያጋጥም የማይቀር መለያየት ወይም እውነተኛ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ያለው ጊዜ ረጅም አይደለም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ የተሻለ ዋስትና ወይም ውል ከሌለ በስተቀር፣ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲመለስ ሸማቹ ሻጩን የሚጠይቀው ከግዢው ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ነው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ማንኛውም ስክሪን ፒክስል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ሌሎቹ ቀለሞች ሁሉ የሚገኙት የሦስቱ ብርሃን መጠን ከፍና ዝቅ እያለ ሲደባለቅ ነው። ነጭ የሚገኘው ሦስቱም ተመጣጥነው ሲበሩ ነው። ስለሆነም ከሦስቱ አንዱ በጥቂቱ ቢያንስ ወይም ቢበዛ በቅድሚያ የሚያሳብቀው ነጩና ግራጫው ነው፤ በደማቅ ቀይ ላይ ፈጽሞ የማይታወቅ መዛባት በነጭ ገጽ ላይ ወዲያው ይታያል።

ብርሃኑ የሚገኝበት መንገድ ግን እንደ ስክሪኑ ዓይነት ይለያል። አብዛኞቹ ላፕቶፖችና ዋጋቸው ዝቅ ያለ ስልኮች የሚጠቀሙት ኤልሲዲ የተባለውን ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነት ብርሃኑ የሚመነጨው ብዙውን ጊዜ በስክሪኑ ጠርዝ ከተደረደሩ ትናንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ሲሆን፣ በአንድ ስስ ሰሌዳ አማካይነት በጀርባው ሁሉ ከተሠራጨ በኋላ በፈሳሽ ክሪስታልና በቀለም ማጣሪያ አልፎ ወደ ዓይን ይደርሳል። ነጭ ኤልኢዲ የሚባለው በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል፤ በላዩ የተቀባው ፎስፈር የተባለ ንጥረ ነገር ከብርሃኑ ከፊሉን ወደ ቢጫ ስለሚለውጠው ሁለቱ ተደባልቀው ነጭ ይመስላሉ። የቅቡ መጠን በጥቂቱ ሲለያይ ነጩም አብሮ ይለያያል። ኦሌድ (በገበያው አሞሌድ እየተባለ የሚጠራው) የተባለው ዓይነት ግን የጀርባ ብርሃን የለውም፤ እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ ይበራል። ጥቁር ሆኖ የሚታየው ፒክስል በእርግጥም የጠፋ ነው።

አንድ ሞዴል፣ የተለያዩ ስክሪኖች

የኤልኢዲ አምራቾች ከአንድ የምርት መስመር የሚወጡትን ሁሉ ፍጹም አንድ ዓይነት ማድረግ ስለማይችሉ፣ እየለኩ በቀለምና በድምቀት በየምድቡ ይለያሉ። የስክሪን አምራቹ በተቀራረቡ ምድቦች ውስጥ ያሉትን ይገዛል፤ ጠባብ ምድብ በጠየቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምርበታል። በዚህ ላይ አንድ የላፕቶፕ ሞዴል ስክሪኑን ከሁለት ወይም ከሦስት የተለያዩ ፋብሪካዎች ማግኘቱ የተለመደ አሠራር ነው። በሳጥኑ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የስክሪኑ ስፋትና የፒክስሉ ብዛት በመሆኑ ገዢው ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የነጭ መለኪያ ሆኖ የሚያገለግለው 6500 ኬልቪን ገደማ የሆነ የብርሃን ቀለም ነው። ቁጥሩ ከዚህ ሲጨምር ነጩ ወደ ሰማያዊ፣ ሲቀንስ ደግሞ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። በሁለት ቀለሞች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው ዴልታ ኢ በተባለ ስሌት ሲሆን፣ 1 ያህል ልዩነት ጎን ለጎን ሲታይ ዓይን ለመለየት የሚጀምርበት ግምታዊ ወሰን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። አንድ አምራች እስከ 3 የሚደርስ መዛባትን ቢፈቅድ፣ አንዱ ስልክ 3 ወደ ቢጫ፣ ሌላው 3 ወደ ሰማያዊ ሄዶ ሁለቱም ፍተሻውን ያልፋሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን 6 ይሆናል። ለየብቻ ሲታዩ እንከን የሌላቸው መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተበላሹ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ስም ሥር የሚሸጡ ምርቶች ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ጎግል በ2017 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረባቸው ሁለት ስልኮች ጥሩ ማሳያ ናቸው። የ«ፒክስል 2» ስክሪን የሳምሰንግ፣ የትልቁ «ፒክስል 2 ኤክስኤል» ስክሪን ደግሞ የኤልጂ ምርት ነበር። ሁለቱም ኦሌድ ቢሆኑም፣ ትልቁ ስልክ በጎን ሲታይ ወደ ሰማያዊ እንደሚያዘነብልና የምስል ጥላ ቶሎ እንደሚቀርበት ከገዢዎች ቅሬታ ቀረበ። ኩባንያውም ዋስትናውን ወደ 2 ዓመት አራዘመ፤ በሶፍትዌር ማሻሻያም ደማቅ የቀለም አማራጭ ጨመረ።

ሌላው ልዩነት ስክሪኑ ሊያሳያቸው የሚችላቸው ቀለሞች ስፋት ነው። ኤስአርጂቢ የተባለው የቀለም መለኪያ በ1996 እ.ኤ.አ. በኤችፒና በማይክሮሶፍት የቀረበ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የአብዛኛው ምስል መነሻ ነው። ዋጋቸው ዝቅተኛ ከሆኑ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ከዚህ ስፋት የሚሸፍኑት 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው። በእነዚህ ላይ ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ቢቀርብና አረንጓዴው ቢፈዝ ከዓይነቱ የመጣ እንጂ የተበላሸ ስክሪን ምልክት አይደለም። የትኛውም ማስተካከያም አያድነውም።

ከቅሬታ በፊት መታየት ያለበት ማስተካከያ

ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ምንም ሳይሆን ቀለሙን የሚለውጠው ማስተካከያ ሆኖ ይገኛል። የሌሊት ብርሃን የሚባለው አማራጭ ሰማያዊውን ቀንሶ ገጹን ቢጫ ያደርገዋል፤ በሰዓት የሚበራ ከሆነም ባለቤቱ ሳያስተውለው ማታ ማታ ይመጣል። አንዳንድ ስልኮች የክፍሉን ብርሃን በዳሳሽ እየለኩ ነጩን ይለዋውጣሉ። «ደማቅ» እና «ተፈጥሯዊ» የሚሉ የቀለም አማራጮችም አሉ፤ አንዱ ስልክ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ላይ ሆነው ቢነጻጸሩ ውጤቱ ትርጉም አይኖረውም። ላፕቶፕም ከባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ድምቀቱን እንደ ምስሉ ይዘት ሊቀያይር ይችላል።

የተመልካቹ ዓይንም ከጥያቄው ውጪ አይደለም። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም የተሠራጨው የአንዲት ቀሚስ ፎቶግራፍ ለዚህ ይጠቀሳል። ቀሚሱ ሰማያዊና ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ አንድ ስክሪን አብረው ከሚመለከቱ ሰዎች ከፊሎቹ ነጭና ወርቃማ ነው ብለው ተከራክረዋል።

የስክሪኑ ገጽ ወጥ አለመሆን

በአንዱና በሌላው ስክሪን መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው በአንዱ ስክሪን ገጽ ላይ የሚታየው መዥጎርጎር ነው። በሙያው ዘንድ የሚጠራበት «ሙራ» የሚለው ቃል ጃፓንኛ ሲሆን፣ አለመመጣጠን ማለት ነው። በኤልሲዲ ላይ የጀርባው ብርሃን በጠርዝ በኩል ሾልኮ በጨለማ ክፍል ውስጥ እንደ ደመና ይታያል፤ ክዳኑ ወይም ማቀፊያው ሲጫነውም ይብሳል። በኦሌድ ላይ ደግሞ ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው ድምቀቱ ዝቅ ብሎ ጥቁር ግራጫ ሲታይ ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ፒክስል የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን ትራንዚስተሮች በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ላይ እኩል አይሠሩም። ፋብሪካዎች ይህን በካሜራ ለክተው ማካካሻ ይሞሉበታል፤ ማካካሻው ግን ሁልጊዜ ሙሉ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ሰማያዊው የኦሌድ ንጥረ ነገር ከቀሪዎቹ ፈጥኖ ስለሚደክም፣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ምስል ቋሚ ጥላ ይተዋል።

የተጠገኑ ስልኮች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ኦሌድ የነበረው ስልክ ስክሪኑ ሲሰበር በርካሽ ኤልሲዲ ተተክቶ እንደ አዲስ የሚሸጥበት አጋጣሚ አለ። መለያው ቀላል ነው፦ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ምስል ሲከፈት ኦሌድ ፍጹም ይጨልማል፤ ኤልሲዲ ግን ግራጫማ ጭላንጭል ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃው ያገለገለ ወይም እንደገና የተሠራ መሆኑን በትክክል አለመግለጽን ከተከለከሉ ድርጊቶች መካከል ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ ይህን የደበቀ ሻጭ «ስክሪን ሁሉ ይለያያል» በሚል ምክንያት ከኃላፊነት አያመልጥም።

ለፍተሻ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። ከላይ የተጠቀሱት ማስተካከያዎች ሁሉ ከጠፉ በኋላ መሣሪያው ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆያል፤ ከዚያም ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ጥቁር ግራጫና ጥቁር ምስሎች በየተራ ሙሉ ገጽ ተደርገው ፊት ለፊት ይታያሉ። በግራጫው ላይ በጣም ቀስ ብሎ ከዳር ወደ ዳር የሚለወጥ፣ በዕለታዊ አጠቃቀም ላይ የማይታወቅ ልዩነት በማንኛውም ምርት ላይ የሚጠበቅ ነው። ተራ ጽሑፍ ሲነበብ የሚታይ እድፍ፣ ገጹን የሚያቋርጥ መስመር፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም በአዲስ ስልክ ላይ የተገኘ የምስል ጥላ ግን ጉድለት ነው።

ኑሯቸው በቀለም ለተመሠረተ ሰዎች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። በሽሮ ሜዳ የአገር ባህል ልብስ የሚሸጥ ነጋዴ የጥለቱን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ወደ ዋሽንግተን ሲልክ፣ በእርሱ ስልክ የደመቀው አረንጓዴ በደንበኛዋ ስልክ ፈዝዞ ሊታይ፣ የሸማው ነጭም ወደ ክሬም ሊያዘነብል ይችላል። ልብሱ ደርሶ «የመረጥኩት ይህ አይደለም» ቢባል የመልሶ መላኪያው ወጪ ብቻ ትርፉን ይበላዋል። ቀለም መለኪያ መሣሪያ የነጩን መዛባት ያስተካክላል፤ የራስን ስክሪን እንጂ የደንበኛን ግን አያርምም፣ የተዥጎረጎረ ገጽንም ወጥ አያደርግም። ከዚህ ይልቅ ልብሱን በቀን ብርሃን፣ አጠገቡ ነጭ ወረቀት አድርጎ ማንሣት፣ ከማዘዝ በፊትም ምስሉን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ስልኮች ማየት ይረዳል። ለሠርግ በብዛት በሚታዘዝ ልብስ ላይ ደግሞ የክሩን ቁራጭ በፖስታ አስቀድሞ መላክ የሚተካው የለም።

ጉድለት መኖሩ ሲረጋገጥ ሸማቹ ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱንና መሣሪያውን ራሱን ይዞ በቅድሚያ ለሻጩ ያመለክታል። የስክሪን ፎቶግራፍ ብቻውን በቂ ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ ካሜራ ነጩንና ድምቀቱን በራሱ ስለሚያስተካክል ያለውን መዛባት ሊሰውር፣ የሌለውንም ሊጨምር ይችላልና። ደረሰኝ ሲወሰድም የሞዴሉ ስም ብቻ ሳይሆን የመሣሪያው መለያ ቁጥርና አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ እንዲጻፍበት መጠየቅ ይገባል።