ለቡድን ስልጠና መገልገያ ስንመርጥ ምን እናስቀድም?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ በኋላ ለመጽሔቱ አንባቢያን የተዘጋጀ)



 

ውድ አድማጮቻችን! በየሰፈሩ በዕድር፣ በእናቶች ቡድን፣ በመስጊድ ጀመዓ ተሰባስበን የምንማማርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ቀን ስለ ሕፃናት ጤና፣ ሌላ ቀን ስለ ቁጠባ ወይም ስለ ጓሮ አትክልት እንማማራለን። ታዲያ ቡድኑ ጥቂት ብር ሲያዋጣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ፕሮጀክተር እንግዛ ወይስ ቴሌቪዥን?» የሚል ነው። ዛሬ ከዚህ ጥያቄ በፊት ሊመለስ የሚገባውን እናንሳ። ሰልጣኟ ቤቷ ስትገባ ምን እንድትሠራ ነው የምንፈልገው? መገልገያው የሚመረጠው ከዚህ መልስ ተነስቶ ነው። መዋጮው ከድሃም ከሀብታምም ኪስ የወጣ አማና ነውና ያለ ቦታው ሊውል አይገባም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ በተለምዶ ኦ.አር.ኤስ. የምንለውን፣ ለእናቶች እናስተምር እንበል።

ዕቃው ራሱ ሲያስተምር

በአገራችን በብዛት የሚገኘው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጥ ነው። ውኃው ካነሰ ድብልቁ ጨው ይበዛበትና ሕፃኑን ይጎዳል፤ ከበዛ ደግሞ ይቀጥንና የሚፈለገውን ጥቅም አይሰጥም። እንግዲህ የትምህርቱ ቁልፍ «1 ሊትር ስንት ነው?» የሚለው ነው። ይህን በቃል ብቻ ብንናገር እያንዳንዷ እናት በየቤቷ ባለው ኩባያ ትገምተዋለች። ኩባያው ግን ከቤት ቤት ይለያያል።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገን መገልገያ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ ጆግ፣ ማንኪያና አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. ነው። በመጀመሪያ አንዲት እናት ከቤቷ ባመጣችው ዕቃ 1 ሊትር ነው ብላ የገመተችውን ውኃ ትቅዳ። ከዚያ ውኃው በጠርሙሶቹ ይለካ። ጎድሎ ወይም ተርፎ ሲገኝ ሁሉም በዓይኑ ያያል። ቀጥሎ በትክክለኛው ልክ ተበጥብጦ ይቀመስ፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ማለት የለበትም። ስልጠናው በረመዳን ከሆነ መቅመሱ ከአፍጥር በኋላ ይሁን። ለስልጠናው የተበጠበጠውም ሆነ ቤት ውስጥ የተዘጋጀው ከ24 ሰዓት ካለፈ መደፋት አለበት።

እናቶቹ አንድ በአንድ በእጃቸው ሳይሠሩት ትምህርቱ አላለቀም። በነገራችን ላይ አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ኤድጋር ዴል እ.ኤ.አ. በ1946 በማየትና በመስማት ስለማስተማር ባሳተመው መጽሐፍ በሾጣጣ ቅርጽ ያስቀመጠው ሐሳብ በየስልጠናው ይጠቀሳል። በሾጣጣው ግርጌ ራስን አሳትፎ መሥራት፣ በጫፉ ደግሞ ቃል ብቻ ይገኛል። አንዳንድ አሰልጣኞች «ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ካየው ይህን ያህል ያስታውሳል» ብለው ቁጥር ሲጨምሩበት እንሰማለን። ቁጥሮቹ ግን በዴል መጽሐፍ ውስጥ የሉም፤ በኋላ ሌሎች የለጠፏቸው ናቸው። ስለዚህ ሰውን ውድ ዕቃ ለማስገዛት ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም።

ሥዕል ስንጠቀም

ዕቃው የማይገኝ ከሆነ፣ ወይም እንደ አንጀት በሰውነት ውስጥ የተሰወረውን ለማሳየት ስንፈልግ ሥዕል ያስፈልጋል። ለዚህም ርካሽ መንገድ አለ። ነጭ አቡጀዲ ላይ በወፍራም ማርከር መሣል ይቻላል፤ ተጠቅልሎ ይያዛል፣ እንደ ወረቀት ቶሎ አይቀደድም። ሌላው ዘዴ ሻካራ ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከሥዕሎቹ ጀርባ የብርጭቆ ወረቀት መለጠፍ ነው። ሥዕሉ ሲጫኑት ይይዛል፣ ሲስቡት ይላቀቃል። በዚህ መንገድ እናቶቹ ራሳቸው ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል እንዲደረድሩ ማድረግ እንችላለን። አንዷ ተነስታ «እጅ መታጠቡ ከመበጥበጡ በፊት ነው» ብላ ቦታውን ስታስተካክል አሰልጣኙ ማን ምን እንደገባው ያውቃል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ልብ የማይሉት ጉዳይ አለ። ሥዕሎችን ጎን ለጎን ስንደረድር የአማርኛ ፊደል የቆጠረ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ ይመለከታል። ቁርአን ቀርታ ፊደል ያልቆጠረች እናት ግን እንደ ለመደችው ከቀኝ ወደ ግራ ልታይ ትችላለች። በአንድ በኩል የታመመ ሕፃን፣ በመሐል ኦ.አር.ኤስ. ሲጠጣ፣ በሌላው በኩል ደኅና ሆኖ ሲጫወት ብናሳይ፣ በተቃራኒው ያየችው እናት ደኅናው ልጅ ጠጥቶ የታመመ ሊመስላት ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ከማስተማር ይልቅ ያሳስታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች መደርደር ወይም በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ማሳየት።

ትንኝን ወይም ዝንብን አጉልተን ስንሥልም እውነተኛ መጠኗን አጠገቧ እናሳይ። ያለዚያ ሰልጣኙ «ይህን የሚያህል ዝንብ እኛ ሰፈር የለም» ብሎ ነገሩን ሊተወው ይችላል። የሰው ምስል መሣልን በተመለከተ በዑለማዎች መካከል የሐሳብ ልዩነት እንዳለ ይታወቃል። የቡድኑ አባላት ልባቸው ካልተረጋጋ እጅ፣ ጠርሙስ፣ ማንኪያና ቀስት ብቻ በመሣል ትምህርቱን ማድረስ ይቻላል።

ሥዕሉ ከመባዛቱ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት እናቶች አሳይቶ «ምን ይታያችኋል?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። እንዲሁም ከኋላ ተቀምጠው ዓይናቸው የደከመ አንዲት አዛውንት ጽሑፉን ካላነበቡት ፊደሉ ትንሽ ነው ማለት ነው።

ድምፅን በተመለከተ

ሃያና ሠላሳ ሰው በአንድ ክፍል ሲቀመጥ ጤናማ ድምፅ ይበቃል። ማጉያ ከመግዛት በፊት በክብ መቀመጥ፣ ሕፃናት የሚቆዩበትን ቦታ ለይቶ ማዘጋጀት፣ ከመንገድ ጫጫታ ራቅ ማለት ይቀድማል። ቡድኑ ሜዳ ላይ የሚሰበሰብ ከሆነ ግን በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ጥሩ ምርጫ ነው። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም።

የተቀዳ ድምፅም የራሱ ቦታ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች.አይ.ቪ. በታሪክ መልክ ያስተምር ነበር። ከዚህ የምንወስደው ታሪክና ጭውውት ከደረቅ ንግግር ይልቅ ጆሮ እንደሚስብ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ መቅጃ አለው። በአካባቢያችን የጤና ባለሙያ የታረመ የአምስት ደቂቃ ጭውውት በራሳችን ሰዎች ድምፅ፣ በአካባቢው አነጋገር ቀድቶ በትንሽ ስፒከር ማሰማት ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር በየመሐሉ አቁሞ «እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሳይቆም የሚጮህ ድምፅ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል።

ፕሮጀክተርና ፊልም መቼ?

ፊልምን አንጠላም። እንደ ችግኝ እድገት ወራት የሚፈጀውን በጥቂት ደቂቃ ለማሳየት የሚተካው የለም። ይሁንና ፕሮጀክተር መብራት፣ የጨለመ ክፍልና የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የት ይቀመጣል? በወር ስንት ጊዜ እንጠቀምበታለን? እነዚህ ካልተመለሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚያስፈልግ ዕቃ መግዛት ሳይሆን መዋስ ይሻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የማስተማሪያ ሥዕሎች ይኖሯቸዋል፤ በአቅራቢያ ያለ ትምህርት ቤትም መሣሪያ ሊያውሰን ይችላል። ከመግዛታችን በፊት እንጠይቅ።

ውድ አድማጮቻችን! በትንሽ ነገር ማስተማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰውን ሕይወት፣ ሞቱንና የተራዘመ ምኞቱን ለባልደረቦቻቸው ያስረዱት መሬት ላይ መስመር ሥለው እንደነበር በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። አባቶቻችንም ልጆችን ያስቀሩት እየታጠበ ደጋግሞ በሚጻፍበት የእንጨት ለውሕ ነበር።

በመጨረሻም ስልጠናው መሥራቱን የምናውቀው በጭብጨባው አይደለም። ከሳምንት በኋላ ወደ አንዲት እናት ቤት ጎራ ብለን «እስቲ እህታችን፣ እንዴት ነበር የሚበጠበጠው?» ብንላት ሁለቱን ጠርሙስ ብድግ አድርጋ ካሳየችን ገንዘቡ ቦታው ደርሷል። ደግሞም ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ቤት ሳታቆየው ወደ ጤና ጣቢያ እንደምትሮጥ ከነገረችን፣ ትምህርቱ ነፍስ ለማትረፍ በቅቷል ማለት ነው።

አላህ የምናውቀውን የምንሠራበት ያድርገን።